አሮጌ ብስክሌት ከመቀባታችሁ በፊት፦ ለሰብሳቢ የሚበቃውን መለየትና በጣና ዳር እርጥበት ማቆየት

ነገሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሰውዬው ከአያቱ ዕቃ ቤት አቧራ የጠገበ ብስክሌት ያወጣል። በማግሥቱ በሽቦ ብሩሽ ይፍቀዋል፤ በሦስተኛው ቀን የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ይረጭበታል፤ በሳምንቱ ፎቶ አንሥቶ «ጥንታዊ ነው፤ ስንት ያወጣል?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ያሳዝናል። ባለፈው ሳምንት ያወጣ ነበር።

ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ ስለሆነች ብስክሌት ያልገባበት ግቢ ጥቂት ነው፤ አሮጌውም ከጎተራ ጀርባና ከቆርቆሮ ሥር ዛሬም ይገኛል። የሚበላሸው ግን ከዝገቱ ይልቅ በእኛ ጥድፊያ ነው። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተላቸው ተከተሉ፤ አንዱን ዘልላችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ (ያረጀ ነጠላ ይበልጣል)፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ነጭ ጋዝ፣ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት፣ ግራሶ፣ ምግብ የሚጠቀለልበት አልሙኒየም ወረቀት፣ ለስላሳ የሰውነት ሳሙና፣ ልክ የሆኑ የቡሎን መፍቻዎች፣ መዶሻ፣ አንድ ስንዝር ተኩል የሚሆን ወፍራም የብረት ቧንቧ፣ ባዶ የቡና ጣሳዎች፣ እርሳስና ደብተር።

እነዚህን ደግሞ ከአጠገባችሁ አርቁ፦ የሽቦ ብሩሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ የቀለም ማቅጠኛ፣ ቤንዚን፣ የመኪና ማጠቢያ የግፊት ውሃ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት። የኑግ ዘይትም ለወጥ ይቆይ። አየር ሲያገኘው እየቆየ እንደ ሙጫ ይደርቃል፤ በኩሽኔታ ውስጥ የደረቀ የኑግ ዘይት ያጸዳ ሰው ሁለተኛ አይሞክረውም።

ደረጃ 1፦ ሳትነኩ ፎቶ አንሡ

1. ብስክሌቱን በቆመበት፣ ከነአቧራው፣ በቀን ብርሃን አንሡ። በመጀመሪያ ሰንሰለቱ ያለበትን ጎን፣ ከዚያ ሌላውን ጎን፣ ከዚያ ከፊትና ከኋላ።
2. ጽሑፍ፣ አርማ፣ ቁጥርና መስመር ያለበትን ቦታ ሁሉ ቀርባችሁ አንሡ።
3. የፍሬን ዘንጎቹ ወይም ገመዶቹ በየት በኩል እንደሚያልፉ ለብቻው አንሡ። ስትገጥሙ የምትከራከሩት በዚህ ነው።
4. የማዘጋጃ ቤት ሰሌዳ፣ የሱቅ ምልክት ወይም በቀለም የተጻፈ ስም ካለ አትንቀሉ፤ አትፋቁ።

ጎማው ቢተነፍስም ገና አትንፉት። የደረቀ ጎማ ሲነፋ ይሰነጠቃል፤ የጎማው ጎን ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ በኋላ ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 2፦ ማንነቱን ከብረቱ አንብቡ

ሻጭ የሚናገረውን ስሙ፤ ብረቱ የሚናገረውን ግን ጻፉ።

በመጀመሪያ ከመሪው ሥር ባለው አጭር ቱቦ ግንባር ላይ ያለውን አርማ ተመልከቱ። በአጋጣሚ ከታዋቂዎቹ አሮጌ ስሪቶች በርከት ያሉት የወፍ ስም ወይም ሥዕል ይዘዋል። የእንግሊዙ ራሌይ ከጣና ዳር በየቀኑ የምናያትን ሳቢሳ የምትመስል ወፍ በአርማው ላይ አድርጓል፤ በብዙዎቹም የፊት ጥርሱ ብረት የሳቢሳ ራስ ቅርጽ ተቆርጦበታል። የሻንጋዩ ፊኒክስ በተረቷ ወፍ ይጠራል። የቲያንጂኑ ፍላይንግ ፒጅን ደግሞ ስሙ ራሱ «በራሪ እርግብ» ማለት ነው። አርማው በምስማር የተያዘ ከሆነ ጠርዙን ፈትሹ። አዲስ ቀዳዳ ወይም ከሥሩ ሌላ አሮጌ ቀዳዳ ከታየ አርማው ከሌላ ብስክሌት የመጣ ሊሆን ይችላል።

ቀጥላችሁ የአካሉን ቁጥር ፈልጉ። ሦስት ቦታ እዩ፦ ኮርቻው የሚገባበት ቱቦ አፍ አጠገብ፣ የፔዳሉ ዘንግ የሚያልፍበት ወፍራም ቱቦ ሥር፣ የኋላው ጎማ በሚታሰርበት ጫፍ ላይ። ቁጥሩ በጭቃ ከተሸፈነ በነጭ ጋዝ የራሰ ጨርቅ አስቀምጡበትና ሩብ ሰዓት ጠብቁ። በቢላ አትፋቁት።

ሦስተኛው የኋላው ጎማ ማዕከል፣ ማለትም የራጂዎቹ (የጎማው ቀጫጭን ሽቦዎች) ሥር የሚተከልበት ክፍል ነው። ባለ ሦስት ማርሽ፣ ስተርሚ አርቸር የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ማዕከል ከሆነ ብረቱ ላይ ቁጥር ተመትቶበታል። «62» እና «5» ካለ በ1962 በአምስተኛው ወር ተሠራ ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቁጥሩ የፈረንጅ ዓመት ነው። «62» ያየ ሰው በእኛ 1962 ዓ.ም. አድርጎ ይቆጥረዋል፤ በእኛ አቆጣጠር ግን 1954 ዓ.ም. ነው። ከጥር እስከ ነሐሴ የተሠራውን 8፣ ከመስከረም ወዲህ የተሠራውን 7 ቀንሱ። ቁጥሩ የሚናገረው የማዕከሉን ዕድሜ ብቻ መሆኑንም አትርሱ፤ ጎማው ከሌላ ብስክሌት የመጣ ሊሆን ይችላል።

የጣሊያን የእሽቅድምድም ብስክሌት ካጋጠማችሁ የኋላውን ማርሽ መቀየሪያ እዩ። ብዙዎቹ የ1970ዎቹ የካምፓኞሎ መቀየሪያዎች «ፓተንት» ከሚል ቃል ጋር የዓመቱን ሁለት አኃዝ ይዘዋል። ይህም የፈረንጅ ነው።

ደረጃ 3፦ ለሰብሳቢ ይበቃል ወይስ ለመንዳት ብቻ?

ይህ ደረጃ ይረዝማል፤ የሚሳሳተው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ነው። ያረጀ ሁሉ ውድ አይደለም። አምስት ጥያቄዎችን በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቁ።

ሀ. የፋብሪካው ቀለም አለ? ጎማ ይተካል፤ ሰንሰለት ይተካል፤ ፔዳልም ይገኛል። የፋብሪካ ቀለም፣ በእጅ የተሰመረ የወርቅ መስመርና የታተመ ጽሑፍ ግን አንዴ ከተፋቁ አለቀላቸው። ስለዚህ የተላላጠና የተጫጫረ የፋብሪካ ቀለም ትናንት ከተረጨ መስታወት ከሚመስል ቀለም ይበልጣል። ይህን ለባሕር ዳር ሰው ማስረዳት ያስቸግራል፤ እኛ ዘንድ ዕቃን መውደድ ማለት ማብረቅረቅ ነውና። ሁለተኛ ጊዜ መቀባቱን ለማወቅ ከኮርቻው ማሰሪያ ሥርና ከአርማው ጠርዝ ላይ ተመልከቱ። ቡሎኑና ዳዶው ላይ ቀለም ከተገኘ ሳይፈታ ተቀብቷል ማለት ነው።

ለ. ሙሉ ነው? ትልልቁን ሁሉም ያያል። እናንተ ትንንሹን ቁጠሩ፦ ደወል፣ የመብራት ማንጠልጠያ፣ የሰንሰለት መሸፈኛ፣ በቱቦው ላይ የጎማ መንፊያ የሚያዝባቸው ጉጦች፣ የፓራፋንጎ ጫፍ። በዘንግ የሚሠራ ፍሬን ከሆነ የመገጣጠሚያዎቹን ትንንሽ ቡሎኖች ሳይቀር ቁጠሩ። የገመድ ፍሬን በየሱቁ አለ፤ የዘንግ ፍሬን አንዲት መገጣጠሚያ ጠፍታ ወር ሙሉ ልታስፈልግ ትችላለች።

ሐ. ክፍሎቹ የአንድ ዘመን ናቸው? የማዕከሉ ዓመትና የአካሉ ዕድሜ ካልተቀራረቡ፣ ወይም የፊት ጎማው የአንድ ፋብሪካ የኋላው የሌላ ከሆነ፣ ብስክሌቱ ተገጣጥሞ የተሠራ ነው። ለመንዳት አንዳች አያጎድልም። ለሰብሳቢ ግን ብዙ ያጎድላል።

መ. ፈላጊ አለው? ዕድሜ ብቻውን ፈላጊ አይወልድም። ሰው የሚሰበስበው አብዛኛውን ጊዜ በልጅነቱ ጎረቤቱ ሲነዳው እያየ የተመኘውን ነው። ራሌይ ቾፐር የተባለው መሪው የረዘመ የልጆች ብስክሌት በእንግሊዝ የ1970ዎቹ (በፈረንጅ) ልጆች ምኞት ነበር። እነዚያ ልጆች አድገው ገንዘብ ሲይዙ ፍለጋው ተጀመረ፤ ፋብሪካውም በፈረንጅ 2023 መልሶ በተወሰነ ቁጥር እስኪያወጣው ደረሰ። በእኛም ከተማ ነገሩ እንዲሁ ነው። ከባድ ጥቁር ብስክሌት ላይ ከአባቱ ፊት ተፈናጥጦ ያደገ ሰው ያንኑ እንጂ ቀላሉን የእሽቅድምድም ብስክሌት አይፈልግም።

«ብርቅ ነው» የሚለውን የሻጭ ቃል ግን በጥርጣሬ ስሙት። ማንም የማያውቀው ስሪት ብርቅ ሊሆን ይችላል፤ ፈላጊም ላይኖረው ይችላል። ተቃራኒውም አለ። ፍላይንግ ፒጅን እጅግ ብዙ ተሠርቷል፤ ብዙ ስለሆነ ማንም አላስቀመጠውም። እህል፣ ሣር፣ ጀሪካን ተጭኖበት አልቋል። ስለዚህ ቀለሙና ጽሑፉ ያልጠፋ አንድ ሙሉ ፍላይንግ ፒጅን ማግኘት ከምትገምቱት በላይ ከባድ ነው፤ በየዓመቱም ይከብዳል።

ሠ. ታሪኩ በወረቀት አለ? ደረሰኝ፣ ከብስክሌቱ ጋር የተነሡት ፎቶ፣ የባለቤቱ የሥራ መታወቂያ። «አባቴ ወደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሚመላለሱበት ነበር» የሚል ወሬ ደስ ይላል። አባትየው በፋብሪካው ልብስ ብስክሌቱን ይዘው የቆሙበት ፎቶ ግን ወሬውን ማስረጃ ያደርገዋል።

የ«ሀ» መልስ «አዎ» ከሆነና ከቀሩት ሁለቱ ከተሟሉ ብስክሌቱን እንደ ሰብሳቢ ዕቃ ያዙት፤ ቀለሙ አይነካም። የ«ሀ» መልስ «የለም» ከሆነና ክፍሎቹም የተቀላቀሉ ከሆኑ አትጨነቁ። አድሱት፤ ቀቡት፤ እስከ ዓባይ ድልድይ ንዱት። እንዲህ ያለውን ብስክሌት መሸፋፈን ለማንም አይጠቅምም።

ደረጃ 4፦ ስትገዙ

1. ጠዋት ሂዱ፤ ብርሃን ባለበት ቦታ እዩት።
2. ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ብስክሌቱ ጠይቁ። «እማማ፣ ይህን ማን ነበር የሚነዳው?» የሚለው ጥያቄ «ስንት ነው?» ከሚለው የበለጠ በር ይከፍታል። ብዙ ጊዜም የጠፋው ደወል ከአልጋ ሥር የሚወጣው በዚህ ጨዋታ መካከል ነው። ቡናውን ጠጥታችሁ ውጡ።
3. አካሉን ለስንጥቅና ለመጣመም ፈትሹ። ከፊት ቆማችሁ በአንድ ዓይን ስታዩ የፊቱና የኋላው ጎማ በአንድ መስመር መዋል አለባቸው። ከመሪው ሥር ባለው የቱቦ መጋጠሚያ ላይ ቀለሙ ከተሸበሸበ ከባድ ግጭት ደርሶበታል።
4. የአካሉ ቁጥር የተፋቀ ወይም በመዶሻ የተደበደበ ከሆነ አትግዙ። ርካሽ ቢሆንም አትግዙ።
5. የአካሉን ቁጥር ያካተተ የሽያጭ ውል በሁለት ምስክር አስፈርሙ። የሻጩን ታሪክም በዚያው ቀን በደብተራችሁ ጻፉ። ከሳምንት በኋላ ግማሹን ትረሱታላችሁ።

ኮርቻው የሌላ ከሆነ «የመጀመሪያው የት ደረሰ?» በሉ። አንዳንድ ቤት ሳይጣል በጣራ ሥር ተቀምጦ ይገኛል።

ደረጃ 5፦ ጽዳት

1. ደረቅ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ።
2. ለብ ባለ ውሃ ጥቂት ሳሙና አድርጉ፤ ጨርቁን አጥብቃችሁ ጭመቁና ጥርጊያ እንጂ እጥበት አታድርጉ። ውሃ ወደ ኩሽኔታዎቹ መግባት የለበትም።
3. በጽሑፉና በወርቁ መስመር ላይ ሳሙናም አትሞክሩ፤ እርጥብ ጨርቅ ብቻ። ሌላ ማንኛውንም ነገር በመጀመሪያ በማይታይ ቦታ፣ ከፔዳሉ ዘንግ ሥር ባለው ቱቦ ላይ፣ በጣት ጥፍር ስፋት ሞክሩ። ጨርቁ ቀለም ይዞ ከወጣ አቁሙ። አልኮልም ጽሑፍ ያነሣል፤ ካቲካላም ቢሆን።
4. በቀለም ላይ ላለ ቀላል ዝገት የስፌት መኪና ዘይት በጨርቅ ቀብታችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩና ጥረጉ። ይህን ሦስትና አራት ጊዜ ድገሙት። ዝገቱ ባይጠፋም ይቆማል፤ ዓላማውም ማቆም ነው።
5. ለክሮም (መሪ፣ ቸርኬ፣ ደወል) አልሙኒየም ወረቀቱን ጨብጣችሁ፣ ውሃ ነክራችሁ፣ በእርጋታ እሹት። አልሙኒየም ከክሮም ስለሚለሰልስ አይጭረውም። ሲጨርስ ወዲያው አድርቁና ዘይት ቀቡት።

የቆዳ ኮርቻን በውሃ አትንከሩ። በደረቅ ጨርቅ ጥረጉትና ከላዩ ጥቂት ሰም የተቀላቀለበት ሞራ በጣት እሹበት። ዘይት ውስጥ የተዘፈዘፈ ቆዳ ይለሰልስና እንደ ዘንቢል ይረግባል። የደረቀ ቆዳ ላይ ደግሞ አትቀመጡ፤ በአንድ ጊዜ ይቀደዳል።

ከተበላሸ፦ እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የዛገ የሰንሰለት መሸፈኛ በሎሚ ጭማቂ አሳደርሁ። ዝገቱ ሄደ፤ ጽሑፉም አብሮ ሄደ። የሎሚ አሲድ ዝገትን የሚበላው እውነት ነው፤ ቀለም ለሌለው ቡሎንና ዳዶ፣ ያውም በየግማሽ ሰዓቱ እያያችሁ ተጠቀሙበት። ከዚያ በውሃ ያለቅልቁ፣ ያድርቁ፣ ዘይት ይቀቡ፤ ካልተቀባ በሰዓታት ውስጥ መልሶ ይዝጋል። ቀለም ከተነሣ በኋላ ግን በሌላ ቀለም ለመሸፈን አትሞክሩ። በሰም ሸፍናችሁ እንዳለ ተዉት።

ደረጃ 6፦ የፔዳሉን ክንድ መፍታት

ብዙ ብስክሌት የሚሞተው እዚህ ነው። በአሮጌዎቹ ላይ የፔዳሉን ክንድ ከዘንጉ ጋር የሚይዘው በዳዶ የተጠበቀ የብረት ሽብልቅ ነው። ለዓመታት ተጣብቆ ስለሚቆይ ሰዎች በንዴት ይደበድቡታል።

1. ከዋዜማው በሁለቱም ጫፍ ዘይት አንጠባጥቡ፤ አንድ ሌሊት ይደር።
2. ዳዶውን ፈትታችሁ አታውጡት። የዳዶው ፊት ከሽብልቁ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ብቻ አላሉት። ምቱን ዳዶው ይቀበልላችሁ፤ ጥርሱ አይጨፈለቅም።
3. ቧንቧውን በሲሚንቶ ወለል ላይ አቁሙና የሽብልቁ ወፍራም ራስ በቀዳዳው ውስጥ እንዲገባ፣ ክንዱም በቧንቧው አፍ ላይ እንዲያርፍ አድርጉ። ክንዱ ሳይደገፍ ከመታችሁ ምቱ በኩሽኔታው ላይ ያርፋል።
4. አንድ ሰው ብስክሌቱን አጥብቆ ይያዝ። በከባድ መዶሻ አንድ ጠንካራ ምት ምቱ። አንድ! ሃያ ትንንሽ ምቶች ሽብልቁን እንደ እንጉዳይ ከማስፋት በቀር አያንቀሳቅሱትም።

ካልወጣ፦ ዘይት ጨምራችሁ ሌላ ሌሊት ጠብቁ። ሽብልቁ ከጎበጠ መምታት አቁሙ፤ ጫፉን በመጋዝ ቁረጡ፤ መካከሉን በቀጭን መሰርሰሪያ ብሱና በድፍን ብረት ግፉት። ሽብልቁ ርካሽ ነው፤ ዘንጉና ክንዱ ግን የብስክሌቱ አካል ናቸው።

ሁለት የተገላቢጦሽ ጥርሶችን አስታውሱ። የግራው ፔዳል ሲፈታ ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው። በእንግሊዝ ስሪት ላይ በሰንሰለቱ በኩል ያለው የዘንጉ ክዳንም እንዲሁ ወደ ቀኝ ሲዞር ይፈታል፤ በጣሊያን ስሪት ላይ ግን ወደ ግራ ነው። በደረጃ 2 ማንነቱን አንብቡ ያልሁት ለዚህም ነው። አልፈታ ያለውን ክዳን በተሳሳተ አቅጣጫ በረጅም መፍቻ ታግላችሁ ጥርሱን ከላጣችሁ መመለሻ የለውም። አቅጣጫውን ካላረጋገጣችሁ በቦታው ተዉትና ከውስጥ አጽዱት።

የምትፈቱትን ሁሉ በየጣሳው ለዩት፦ የግራ፣ የቀኝ፣ የፊት፣ የኋላ። የኩሽኔታውን እንክብሎች ቁጠሩና ቁጥሩን ጻፉ። ስትመልሱ አዲስ ግራሶ አድርጉ።

ደረጃ 7፦ ጎማና የምትለውጧቸው ክፍሎች

የጎማን ልክ በኢንች ብቻ አትግዙ። በጎኑ ላይ ያለውን ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር እዩ። «28 በ1½» የሚለው የከባዱ ጥቁር ብስክሌት ጎማ 635 ነው። የዘመኑ የእሽቅድምድም ጎማም «28» ይባላል፤ እሱ ግን 622 ነው፤ 13 ሚሊ ሜትር ያንሳል። «ትንሽ ታግሎ ይገባል» የሚላችሁን ሻጭ አትስሙ። አይገባም፤ የምታተርፉት የተጣመመ ቸርኬና የተበሳ ካላማዳሪያ ነው።

የለወጣችሁትን ማንኛውንም አሮጌ ክፍል አትጣሉ። የተሰነጠቀ ጎማ፣ የተበላ የፍሬን ላስቲክ፣ የጎበጠ ሽብልቅ ሳይቀር በከረጢት አድርጋችሁ «ከዚህ ብስክሌት የወጣ» ብላችሁ ቀኑን ጻፉበት። የሚመጣው ገዢ ከብስክሌቱ እኩል ያንን ከረጢት ሊፈልገው ይችላል።

ደረጃ 8፦ ክረምቱን ማሳለፍ

ከሐይቁ ዳር ያለ ግቢ እርጥበት አያጣውም፤ ክረምት ሲገባ ይብሳል።

1. ከሰኔ በፊት ክሮሙንና የተጋለጠውን ብረት ሁሉ ስስ ዘይት ቀቡት።
2. በፕላስቲክ አትሸፍኑት። ፕላስቲክ ከሥሩ ላብ ይሰበስባል፤ በመስከረም ስትገልጡት ከክረምቱ በፊት ያልነበረ ዝገት ታገኛላችሁ። አቡጀዴ ወይም ያረጀ አንሶላ ይበቃል።
3. ጎማዎቹ መሬት እንዳይነኩ በጣውላ ላይ አቁሙት ወይም ከአካሉ አንጠልጥሉት። በአንድ ቦታ የቆመ ጎማ ይጨፈለቃል።
4. ከማድ ቤት ጭስና በመስኮት ከሚገባ ቀጥተኛ ፀሐይ አርቁት። ቀይና ወርቃማ ቀለም በፀሐይ ቶሎ ይደበዝዛል።
5. በወር አንድ ጊዜ ሽፋኑን ገልጣችሁ ጎማዎቹን በእጅ አሽከርክሩ፤ ፍሬኑን ጨብጡ፤ በክሮሙ ላይ ቡናማ ነጥብ ከታየ በዚያው ቀን በዘይት ጨርቅ ጥረጉ። ነጥቡ ለመስከረም ከቆየ አልሙኒየም ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ለዓመት ከቆየ ግን ከክሮሙ ሥር ገብቷል፤ ያኔ ብታሹትም ክሮሙ አብሮት ይነሣል።